የባከነው ጊዜያችን ነው ወይስ እኛ?

ዘመንን ስለ መዋጀት የቀረበ ትምህርት

የንባብ ክፍሎች፦ መዝሙር 90፥12፤ ሉቃስ 10፥38-42፤ ኤርምያስ 29፥4-7፤ ኤፌሶን 5፥15-17

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጊዜ ነው። ርእሱን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ሰዓታችሁን አይታችሁ «ዛሬ ስለ ማርፈድ ልንገሠጽ ነው» እንዳላችሁ እገምታለሁ። አይዟችሁ፤ ስለ ሐበሻ ቀጠሮ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። የዛሬው ከዚያ ጠለቅ ይላል።

በዚህ ከተማ ከምእመናን ጋር ስቀመጥ ደጋግሜ የምሰማው ቃል «ጊዜ የለኝም» የሚል ነው። ለጸሎት ጊዜ የለም። ባልና ሚስት ለመነጋገር ጊዜ የላቸውም። የታመመ ለመጠየቅ፣ ቃሉን ለማንበብ፣ አገር ቤት ላለች እናት ለመደወል ጊዜ የለም። ይህን የሚሉት ደግሞ ሰነፎች አይደሉም። ሌሊቱን ሲከየም ውስጥ አረጋውያንን ሲያገላብጡ አድረው፣ ጠዋት ልጃቸውን ባርነሃገ አድርሰው፣ እንቅልፍ ሳይጠግቡ ለቀጣዩ ፈረቃ የሚነሡ ትጉሃን ናቸው። እንግዲህ ጥያቄያችን «ለምን አትተጉም?» ሊሆን አይችልም። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ይህን ያህል እየተጋን፣ ዘመናችን እንደ ውሃ በጣታችን መካከል የሚያልፈው ለምንድን ነው?

በመዝሙር 90 ላይ ሙሴ ስለዚህ ነገር ይጸልያል። የሰው ዕድሜ እንደ ማለዳ ሣር በቅሎ በምሽት እንደሚጠወልግ ካየ በኋላ እግዚአብሔርን አንድ ነገር ይለምናል። የሚለምነው ዕድሜ እንዲጨመርለት አይደለም። ቀኑን መቁጠር እንዲማር ነው። የዚህ ቆጠራ ፍሬ ምን እንደሆነ ልብ በሉ፦ ጥበበኛ ልብ። ሙሴ ስለ ጊዜ ጀመረና ልብ ላይ ደረሰ። እኛም ዛሬ በዚያው መንገድ እንሄዳለን።

1. እስቲ እንቁጠር

እኛ ያደግነው ቀኑ ከፀሐይ ጋር «አንድ» ብሎ በሚጀምርበት አገር ነው። ፀሐይ ትወጣለች፣ አንድ ሰዓት ይሆናል። ትጠልቃለች፣ እንደገና አንድ ሰዓት ይሆናል። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። የእኛ ሰዓት ከሰማዩ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ሰዓት ነው።

ኦስሎ ስንመጣ ግን ሰማዩና ሰዓቱ ተጣሉብን። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ አካባቢ ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ብቅ ትልና 9 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሥራ ስንገባ ጨለማ፣ ስንወጣ ጨለማ ነው። በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አልፎም ብርሃን ነው፤ ልጆቹን «ተኙ» ብንላቸው «ገና ቀን ነው» ይሉናል። በዚህ ላይ ሁለት አቆጣጠር በአንድ ራስ ይዘን እንኖራለን። «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ስንባል «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለን እንጠይቃለን። አገር ቤት ስንደውል በብርዱ ወራት ሁለት ሰዓት፣ በበጋው አንድ ሰዓት እንጨምራለን።

የጊዜ ጭንቀት የስደተኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኖርዌጂያኖቹ ራሳቸው «ቲድስክለማ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ «የጊዜ መቆንጠጫ» እንደ ማለት ነው። ሥራና ልጅ አሳዳጊነት ግራና ቀኝ ይዘው ሲጨምቁት የሚሰማው ሰው የሚናገረው ቃል ነው። ባለ አገሩ እንዲህ ካለ፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት አገርና ሁለት ቤተ ሰብ ትከሻው ላይ የተሸከመው ሰው እንዴት አይል?

አሁን ግን እንደ ሙሴ እንቁጠር። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በዚህ አገር በብዙ የሥራ ስምምነቶች ሙሉ ሥራ በሳምንት 37 ሰዓት ተኩል ነው። በየሌሊቱ 7 ሰዓት ብንተኛ 49 ሰዓት ይሆናል። ለመንገድ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በአምስት ቀን 7 ሰዓት ተኩል እንያዝ። ድምሩ 94 ነው። 74 ሰዓት ይቀራል። ለማብሰል፣ ለገበያ፣ ለልብስና ለቤት ሥራ በቀን 5 ሰዓት ብናወጣ 35 ሰዓት ይሄዳል። አሁንም 39 ሰዓት ቀረ። ሁለት ሥራ የያዘ ሰው ስሌት ከዚህ የጠበበ ነው፤ ስለ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ። ግን የብዙዎቻችን 39 ሰዓት የት ገባ?

አንዱን መግቢያ ሁላችንም በኪሳችን ይዘነዋል። አንድ ሰው በቀን 3 ሰዓት ስልኩ ላይ ቢያሳልፍ በሳምንት 21 ሰዓት፣ በዓመት 1,095 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሌትና ቀኑ ሲቆጠር ከ45 ቀን ይበልጣል። ከዐቢይ ጾም ቀኖች ጋር ሊመሳሰል ጥቂት ነው የቀረው! ይሁን እንጂ ስልኩን ብቻ ከሰስን ብለን እንዳናርፍ። ስልኩ የሚይዘን ልባችን አስቀድሞ ስለተለቀቀ ነው።

2. ማርታ ባከነች

የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 10 ክፈቱልኝ። ጌታ ወደ ማርታ ቤት ገብቷል። ማርያም እግሩ ሥር ተቀምጣለች። ማርታ ደግሞ ስታስተናግድ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ብዙዎቻችን ያነበብነው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በቁጥር 40 ላይ ማርታን በአንድ ቃል ይገልጻታል፦ «ባከነች» ይላል።

ይህን ቃል አስተውሉት። እኛ በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ጊዜዬ ባከነ» እንላለን። መጽሐፉ ግን የማርታ ጊዜ ባከነ አላለም፤ ማርታ ራሷ ባከነች ነው ያለው። በግሪኩ ያለው ቃል ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ መጎተትን፣ ከዙሪያ ሁሉ መሳብን ያመለክታል። አንዱ እጇን፣ ሌላው ዐይኗን፣ ሦስተኛው ሐሳቧን ይጎትታል። ሥራዋ መልካም ነበር፤ እንግዳ መቀበል የተቀደሰ ነገር ነው። ጌታም የገሠጻት ስለ ወጡ አይደለም፤ በብዙ ነገር መጨነቋንና መታወኳን ነው የነገራት። ጌታ ቤቷ ውስጥ ነው፤ እርሷ ግን ቤቷ ውስጥ አልነበረችም።

ወገኖቼ፣ የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ጊዜ አይባክንም። አንድ ሰዓት ለሁሉ 60 ደቂቃ ነው፤ በእኛ ምክንያት አይረዝምም አያጥርም። የምንባክነው እኛ ነን። የተበተነ ልብ ይዘን አሥር ሰዓት ቢጨመርልን አሥሩም ይበተናል። የተሰበሰበ ልብ ይዘን ግን ሩብ ሰዓትም ብዙ ነው።

ይህ የሰባኪ አባባል ብቻ አይደለም። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገራችሁ። በ2010 ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በስልካቸው አማካይነት በድንገት እየጠየቁ አጠኑ፦ አሁን ምን እያደረግህ ነው? የምታስበው ስለምታደርገው ነገር ነው ወይስ ስለ ሌላ? ከመልሶቹ 46.9 በመቶው የሰዎቹ ሐሳብ ከሚያደርጉት ነገር ላይ እንዳልነበረ አሳየ። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ደስታቸው ያነሰ ነበር። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪም በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሲዘል የሐሳቡ ክፋይ በተወው ሥራ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር አሳይታለች።

አባቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመችም ይላሉ። አፍሶ ለመልቀም የሚወስደውን ጊዜ አስሉት!

3. ሰውነት ኦስሎ፣ ልብ አገር ቤት

የእኛ መበተን ግን ከሌላው ሰው የሚለይበት ነገር አለ። ሰውነታችን ግሮንላንድ ወይም ሆልምሊያ ወይም ፉሩሴት ነው፤ ልባችን አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ አዋሳ ወይም ነቀምቴ ነው። ቲባነው ውስጥ ቆመን የአገር ቤት ዜና እናያለን። ወንበር ላይ ተቀምጠን ልጃችን ስለ ትምህርት ቤቷ ስታወራ ጆሯችን ከአንድ ቪዲዮ ጋር ነው። ልጅቷ አንዴ ትናገራለች፣ ሁለቴ ትናገራለች፤ በሦስተኛው ትተወዋለች። ከዚያ ጥቂት ዓመት አልፎ «ልጆቻችን ለምን አያዋሩንም? አማርኛውስ ለምን ጠፋቸው?» እንላለን። ቋንቋ የሚማሩት ከሚሰማቸው ሰው ነው። የሚሰማቸው ካጡ በምን አንደበት ይናገሩታል?

አንዳንዶቻችን ደግሞ ሕይወታችንን ለሌላ ጊዜ ቀጥረናታል። ወረቀቱ ሲመጣ፣ ዜግነቱ ሲገኝ፣ የቤቱ ዕዳ ሲያልቅ፣ አገር ሰላም ሲሆንና ስንመለስ ያኔ እንኖራለን እንላለን። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «ለጊዜው» የኖረ ሰው በመካከላችን አለ። ያ «ለጊዜው» ያለው ጊዜ ግን የልጆቹ ልጅነት ነበር።

ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች የተጻፈ ደብዳቤ ነው። በባቢሎን ያሉት ምርኮኞች ቶሎ ትመለሳላችሁ የሚሏቸውን ነቢያት እየሰሙ ዓይናቸው ደጅ ደጁን ያይ ነበር። እግዚአብሔር በኤርምያስ በኩል ምን ላከባቸው? ቤት ሥሩና ተቀመጡበት፤ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፤ ልጆች ውለዱ፤ የምትኖሩበትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርሷም ጸልዩ አላቸው። ኢየሩሳሌምን እርሱት አላለም። የመመለሱም ተስፋ በዚያው ምዕራፍ አለ። ነገር ግን ያ ተስፋ የዛሬውን ቀን እንዲበላባቸው አልፈቀደም። አገርን መውደድና ባሉበት መገኘት አይጣሉም። እግዚአብሔር የሚያገኘን ባለንበት ነው፤ የት ልንሆን እንደምንመኝ እያወቀም የሚመግበን እዚሁ ነው።

4. ስለ ማይንድፉልነስ ምን እንበል?

ከእናንተ አንዳንዶች ሐኪም ወይም አሠሪ ማይንድፉልነስ የሚባል ሥልጠና እንድትወስዱ ጋብዟችሁ «ፓስተር፣ ይህ ነገር ለአማኝ ይሆናል ወይ?» ብላችሁኛል። ኖርዌጂያኖቹ «ኦፕመርክሶምት ናርቫር» ይሉታል፤ ልብ ብሎ መገኘት እንደ ማለት ነው። መልስ ሳንሰጥ ምንነቱን እንወቅ። ጆን ካባት ዚን የተባለ ሰው በ1979 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሕመምና ጭንቀት ለበረታባቸው ሰዎች ያዘጋጀው የስምንት ሳምንት ሥልጠና መነሻው ነው። ልምምዱን የቀዳው ከቡዲስቶች ተመስጦ ሲሆን ሃይማኖታዊ ቋንቋውን ትቶ ለሕክምና አገልግሎት አዋለው። ሰው እስትንፋሱን፣ ሰውነቱንና ሐሳቡን ሳይፈርድ በአሁኑ ቅጽበት ላይ እንዲያስተውል ያሠለጥናል።

መልሴ ሁለት ወገን አለው። አንደኛ፣ ማስተዋል የቡዲስቶች ንብረት አይደለም። ትኩረት ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው ስጦታ ነው፤ እስትንፋስም የእርሱ ነው። አንድ ሰው ቁጣ ወይም ጭንቀት ሲይዘው ቆም ብሎ በዝግታ ቢተነፍስ ኃጢአት አልሠራም። ሐኪም ያዘዘላችሁን ሕክምና በፍርሃት አትጣሉ። ልምምዱ ወደ ሌላ አምልኮ ወይም ኅሊናችሁን ወደሚከብድ ነገር የሚወስዳችሁ ከሆነ ግን በትሕትና «ይህን አልችልም» ማለት መብታችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ልምምዱ የማይደርስበት ቦታ አለ። ሐሳቤ መበተኑን ሊያሳየኝ ይችላል፤ የሚሰበስበው ማን እንደሆነ ግን አይነግረኝም። ብዙ ጊዜ ከአሁኑ ሰዓት የምንሸሸው ከኋላ ጸጸት፣ ከፊት ፍርሃት ስላለ ነው። ያለፈውን ይቅር የሚል፣ የሚመጣውንም የሚይዝ አንድ አካል ከሌለ ልብ በአሁኑ ላይ እንዴት ያርፋል? ጌታ በማቴዎስ 6 ላይ ስለ ነገ አትጨነቁ ያለው ነገ ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ ነገን የሚያውቅ አባት ስላለ ነው። የእኛ ማስተዋል በአንድ ሰው ፊት የሚደረግ ማስተዋል ነው።

ይህ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ ገዳም ውስጥ ወንድም ሎረንስ የሚባል ሰው ነበር፤ በ1691 ነው ያረፈው። ሥራው ኩሽና ነበር። ሳህንና ድስት መካከል እየሠራ እግዚአብሔር በዚያ እንዳለ ማሰብን ተለማመደ፤ ንግግሮቹና ደብዳቤዎቹ ከሞቱ በኋላ ታትመው እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ማርያም በእግሩ ሥር ያገኘችውን፣ ይህ ሰው በማርታ ኩሽና ውስጥ አገኘው።

5. መዋጀት ዋጋ ያስከፍላል

ጳውሎስ በኤፌሶን 5፥15-16 ላይ እንዴት እንደምንመላለስ በጥንቃቄ እንድናይ፣ ዘመኑንም እንድንዋጅ ያዝዛል። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መዋጀት ነው። ማስተዋሉ ከቀረ መርሐ ግብር ብቻውን አያድንም። «አክሪቦስ» የሚለው የግሪክ ቃል በትክክል፣ ሳይዘናጉ ማለት ነው። «ኤክሳጎራዞ» የሚለው ደግሞ «አጎራ» ከሚለው ከገበያ የወጣ ቃል ነው፤ ዋጋ ከፍሎ ከገበያ ማውጣት ነው።

እንግዲህ ጊዜ ነጻ አይወጣም፤ በሌላ ነገር ይገዛል። ከልጅሽ ጋር የምታሳልፊውን ግማሽ ሰዓት በአንድ ተከታታይ ድራማ ክፍል ትገዢዋለሽ። የቅዳሜ ጠዋት ጸሎትህን በአንድ ተጨማሪ ፈረቃ ገንዘብ ትገዛዋለህ። አንዳንዴ «አልችልም» በማለት፣ አንዳንዴ በሰው ዘንድ ትንሽ ቅር በመሰኘት እንከፍላለን። ለሁሉ ሠርግ፣ ለሁሉ ክርስትና፣ ለሁሉ ልደት «እሺ» የሚል ሰው ለእግዚአብሔርና ለቤቱ «አልችልም» እያለ ነው፤ ጮክ ብሎ አልተናገረውም እንጂ።

6. እየተጓዘ ካልሲ የሚሠራው ሰባኪ

በዚህች ከተማ ሰሜን ምሥራቅ ብሬድትቬት የሚባል ቦታ አለ። ከግሮሩድ የምትመጡ ታውቁታላችሁ። ሃንስ ኒልሰን ሃውገ የተባለው የወንጌል ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን በዚያ በነበረው እርሻ ላይ ኖሮ በ1824 ያረፈው እዚያው ነው። መቃብሩም በመሃል ከተማ በጋምለ አከር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይገኛል።

ሃውገ የገበሬ ልጅ ነበር። ሚያዝያ 5 ቀን 1796 የአባቱን እርሻ እያረሰና እየዘመረ ሳለ እግዚአብሔር ልቡን ነካው። የቤተ ክርስቲያን ሰዓት አልነበረም፤ የሥራ ሰዓት ነበር። ከዚያ በኋላ አገሪቱን በእግሩ እየዞረ ሰበከ። በመንገድ ሲሄድ እጁ ካልሲና ጓንት ይሠራ ነበር ይባልለታል። እጁ ሥራ፣ እግሩ መንገድ፣ ልቡ ግን አንድ ቦታ ነበር። ይህ ከማርታ መባከን በምን ይለያል? እጇ ብዙ ስለ ሠራ አልባከነችም፤ ልቧ ስለ ተከፋፈለ ነው። የሃውገ እጅ ሹራብ የለመደ እጅ ነበር፤ ልቡን አልጠየቀውም።

የ1741ዱ ሕግ ተራ ምእመን ያለ ቄስ ፈቃድ መንፈሳዊ ስብሰባ እንዳይመራ ይከለክል ስለነበር በ1804 ታሰረ። እስከ 1811 ድረስ በእስር ቆየ፤ ያ ደግሞ ጤናውን ሰበረው። በሰው ዐይን የጎልማሳነቱ ምርጥ ዓመታት ባከኑ። ነገር ግን ሕጉ በ1842 ተሻረ፤ እርሱ ያቀጣጠለው መነቃቃትም በኖርዌይ ምእመናን መካከል ቀጠለ። በዚያ መነቃቃት ውስጥ ካደጉት ማኅበራት አንዱ፣ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን፣ በ1948 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በደቡብ ወንጌልን አገለገለ። ከመካከላችን የአያቶቹ እምነት ከዚያ የተነሣ ሰው ሊኖር ይችላል። እግዚአብሔር በእጁ የተቀመጠ ዓመት አያባክንም። በወረቀት ጥበቃ፣ በሕመም ወይም በማይወዱት ሥራ ዓመታት ያለፉባችሁ ወገኖች፣ ይህን ያዙ።

7. በዚህ ሳምንት

ሁሉንም አንድ ላይ አትጀምሩ። ሁለቱን ምረጡና በትጋት ያዙ።

አንደኛ፣ ከስልክ በፊት ጌታን። ከእንቅልፍ ስንነቃ መጀመሪያ የምናየው ነገር የቀኑን ልብ ይወስዳል። ስልኩን ሌላ ክፍል አሳድሩት፤ ለመቀስቀሻ ርካሽ ሰዓት ይገዛል። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ «ጌታ ሆይ፣ አለሁ፤ አንተም አለህ» በሉ።

ሁለተኛ፣ የበር ጸሎት። የቤታችሁን በር ከመክፈታችሁ በፊት እጀታውን ይዛችሁ አንዴ በረጅሙ ተንፍሱ። የሥራውን ነገር ለጌታ ስጡና ግቡ። በሩን ከፍታችሁ የምትገቡት እናንተ ሁኑ፤ አካላችሁ ብቻ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ለዜና ሰዓት ቁረጡለት። የአገራችን ነገር በሚያስጨንቅበት ዘመን ዜና አትስሙ ማለት ጭካኔ ነው። ግን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በታወቀ ሰዓት ይሁን። ከሰማችሁ በኋላ በስም ጸልዩ፤ ለሚመለከታችሁ ሰው ደውሉ። የሰማነውን ወደ ጸሎትና ወደ ፍቅር ካልለወጥነው ልባችንን በልቶን ይሄዳል።

አራተኛ፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ። ለእናታችሁ ስትደውሉ ተቀምጣችሁ ደውሉ። ሳህን እያጠቡ፣ መልእክት እያነበቡ ከሚደረግ የአንድ ሰዓት ጥሪ፣ በሙሉ ልብ የሆነ ሃያ ደቂቃ ለእናት ይበልጣል። እናት ድምፅ ታውቃለች።

አምስተኛ፣ ዕረፍትን አክብሩ። በዚህ አገር አብዛኛው ሱቅ እሑድ ዝግ ነው። እኛ ይህን እንደ ችግር እናየዋለን። እንደ ስጦታ ብንቀበለውስ? ከጉባኤ በኋላ ቡና አፍሉ፤ እስከ ሦስተኛው ሳትቸኩሉ ጠጡ። የቡና ሥርዓታችን አቦል፣ ቶናና በረካ ተብሎ የተሠራው ለቸኮለ ሰው አይደለም። ስልኮቹን ሰብስባችሁ አንድ ቅርጫት ውስጥ አኑሯቸው፤ ልጆቹንም አስቀምጧቸው፤ የሚሉትን እስከ መጨረሻው ስሙ።

ስድስተኛ፣ ማታ ቁጠሩ። ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ፦ ዛሬ እግዚአብሔር የት አገኘኝ? የት ባከንሁ? ነገ ለማን ልገኝ? አመስግኑ፣ ንስሐ ግቡ፣ ተኙ።

8. ለደከሙት

ሁለት ሥራ ስለያዛችሁት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ለብቻዋ ልጆች የምታሳድግ እናት አለች። ቱርኑሱ አንድ ሳምንት ሌሊት፣ አንድ ሳምንት ቀን የሚያደርገው ወንድም አለ። እናንተን «39 ሰዓት የት አደረሳችሁ?» ብዬ አልጠይቃችሁም። ይህ ትምህርት ሌላ ሸክም እንዲሆንባችሁ አልፈልግም። ጌታ ሸክማችሁ የከበደ ወደ እኔ ኑ ብሎ የጠራው እናንተን ነው። የደከመ ሰው ሲተኛ ጊዜ አላባከነም። ኤልያስ ከክትክታው ሥር ወድቆ ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር መጀመሪያ ስብከት አልሰጠውም፤ እንቅልፍና እንጎቻ ሰጠው። በሲከየሙ ኮሪደር ስትሄጂ፣ የአንዲት አሮጊት እጅ ይዘሽ ስሟን ጠርተሽ ዐይኗን ስታዪ፣ ያ ቅጽበት የተዋጀ ዘመን ነው።

ጊዜ ያለንም አደራ አለብን። ሰዓት ያለው ሰው ሰዓት ለሌለው ያካፍል። የአንዷን እናት ልጆች ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ጠብቁላት። ዘመንን መዋጀት ለብቻ የሚሠራ ሥራ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ለሌላው ይዋጃል።

ለቤት ኅብረት የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሳምንታችሁ ውስጥ ልባችሁ ከሁሉ ይልቅ የሚበተነው መቼና በምን ነው?
2. «ለጊዜው» ብላችሁ ያቆያችሁት፣ ዛሬ ልትጀምሩት የሚገባ ነገር ምንድን ነው?
3. ልጆቻችሁን ወይም የትዳር አጋራችሁን «ሳወራህ ትሰማኛለህ ወይ? ትሰሚኛለሽ ወይ?» የሚለውን እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳትከራከሩ አድምጡ።
4. በኅብረታችን ጊዜ ልንገዛለት የሚገባ የደከመ ሰው ማን ነው? ማን፣ መቼ ይሄዳል?

እንጸልይ

አባት ሆይ፣ ዘመናችን በእጅህ ነው። የተበተነውን ልባችንን ሰብስብ። አገር ቤት ያሉ ወገኖቻችንን በአንተ ጥላ ሥር እናስቀምጣለን፤ አንተ እዚያም እዚህም አለህና። በዚህች ከተማ የሰጠኸንን ቀን እንድናይ ዐይናችንን ክፈት። በቤታችን ለሚጠብቁን እንድንገኝ እርዳን። የደከሙትን አሳርፍ። ያለፉብንን ዓመታት በይቅርታህ ሸፍን፤ የቀሩትንም ባርክ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።